የጋሽ ሸምሱ ጋራዥ

ጋሽ ሸምሱ ማረፋቸውን የሰማሁት ወልቂጤ፣ ክፍል ውስጥ፣ ሰሌዳ እየጠረግሁ ሳለ ነው። የደወሉልኝ ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ነበሩ። "ቲቸር፣ ሸምሱ ወደ አኼራ ሄደ" አሉኝና ስልኩን ለሌላ ሰው ሰጡት። ያ ሌላ ሰው ደግሞ ምንም ሳይለኝ ዘጋው። እኔም ማልቀስ ሲገባኝ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር በመስኮት ሰማዩን ማየት ነው። ደመና ነበር። ቡታጅራ ዘንቦ ይሆን? ድንኳኑን ማን ያወጣዋል? ደርቆ ነው የተቀመጠው? ሰው ሞቶ ስለ ሸራ የሚጨነቅ ሰው ጤነኛ እንደማይመስል አውቃለሁ። ጋሽ ሸምሱን የሚያውቅ ግን ይህን ጭንቀት ከማን እንደወረስሁት አይጠይቀኝም።

ርእሰ መምህሩን አስፈቅጄ መናኸሪያ ወረድሁ። በጉብሬ በኩል ወደ ቡታጅራ የምትሄደው ሚኒባስ ሦስት ሰው ጎድሏት ቆማለች። ተቀመጥሁ፣ ወረድሁ፣ ከረዳቱ ጋር ተጨቃጨቅሁ፣ ተመልሼ ተቀመጥሁ። መጠበቅ ድሮም አይሆንልኝም። እናቴ ደብረ ማርቆስ ለጎረቤቱ ሁሉ "ይቺን የወለድኋት በሰባት ወሯ ነው፣ ዘጠኙን መች ትታገስና" እያለች ትቀልድብኝ ነበር። ይህ ችኮላዬ ለብዙ ጊዜ የሚያስቅ ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ቡታጅራ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ የተከራየሁት ጋሽ ሸምሱ ግቢ ውስጥ፣ ከጋራዡ ፊት ለፊት ያለችውን ክፍል ነው። ጋራዥ እንላታለን እንጂ መኪና አልነበረባትም። ጋሽ ሸምሱ ጉልበታቸውን የጨረሱት በአይሱዙ በርበሬ ወደ አዲስ አበባ ሲያመላልሱ ነው። ዓይናቸው ሲደክም መኪናውን ሸጡት፣ ማደሪያው ባዶውን ቀረ። የሰፈሩ እድር በዚያን ጊዜ ዕቃውን የሚያስቀምጥበት አጥቶ ነበርና ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን ሁሉ እዚያ አስገባ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለበት ትልቅ እድር ነው። ሹፌሩ ጋሽ ሸምሱ እንዲህ ሆነው የእድር ንብረት ጠባቂ ሆኑ።

የእድር ዕቃ ቤት ምን እንደሚመስል የማያውቅ የለም። ድንኳኑ እንደተጣለ ተጥሎ፣ ድስት በድስት ላይ ተቆልሎ፣ አግዳሚው እግሩን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ በሩን ሲከፍቱት አይጥ ቀድማ ትወጣለች። አንድ ቀን መሰላል ልዋስ የጋሽ ሸምሱን ጋራዥ ሳይ ግን በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ቃሬዛው ከበሩ ጎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ከሥሩ ዶማና አካፋ። ቀጥሎ የድንኳኑ ቋሚዎች በቃጫ ገመድ ታስረው ቆመዋል። ከዚያ ሸራው፣ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ባለ የባሕር ዛፍ ርብራብ ላይ። አግዳሚ ወንበሮቹ ጣሪያው ሥር በገመድ ተንጠልጥለዋል፤ ገመዱን ቀስ አድርጎ የለቀቀ አንድ ሰው ብቻውን ያወርዳቸዋል። ብረት ድስቱና ሳህኑ መጨረሻ፣ ጥጉ ላይ ነው። ከእያንዳንዱ ዕቃ ጀርባ ደግሞ ግድግዳው ላይ የዕቃው ቅርጽ በከሰል ተስሏል፤ አካፋው ቢወጣ የአካፋ ሥዕል ይቀራል፣ ምን እንደጎደለ በአንድ እይታ ይታወቃል።

"ድስቱን ለምን እንዲህ ጥግ ከተቱት? ሲፈለግ አያስቸግርም?" አልኋቸው። እኔ ያየሁትን ሁሉ ማረም እወዳለሁ።

"ልጄ፣ ሰው ሲሞት መጀመሪያ ምን ይፈለጋል?"

"ቃሬዛ። ዶማ።"

"ከዚያስ?"

"ድንኳን። ከዚያ መቀመጫ።"

"የእህል ነገር የሚታሰበው ሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው፣ አይደል? እኔ ለቅሶው በሚመጣበት ተራ ነው የደረደርኩት። እዚህ በር የሚመጣው የደነገጠ ሰው ነው። የደነገጠ ሰው ደግሞ ዕቃ መፈለግ አይችልም፣ ወላሂ። እጁን ሲዘረጋ የፈለገው ነገር እዚያ መሆን አለበት።"

ቋሚዎቹንም ቀለም ቀብተዋቸዋል። የማዕዘኖቹ አንድ ቀይ ቀለበት፣ የመሐሎቹ ሁለት፣ የበሮቹ ሦስት። "ማንበብ የማይችልም ሰው ይተክለዋል" ይሉ ነበር። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ተምሬ ቁም ሣጥኔ ውስጥ የካልሲዬን ጥንድ የማላገኝ ሰው፣ ክፍሌ ተመልሼ ነገሬን ሁሉ አልጋው ላይ ዘርግፌ መደርደር ጀመርሁ። ግማሹ ላይ ሰለቸኝና ትራሱን ገፍቼ ተኛሁ።

በምንም ነገር የማይቆጡት ጋሽ ሸምሱ በአንድ ነገር ብቻ አይደራደሩም። እርጥብ ሸራ አይታጠፍም። ድንኳን ከለቅሶ በተመለሰ ቁጥር ግቢው ላይ፣ የእኔን መስኮት ጋርዶ፣ ሁለት ሦስት ቀን ይሰጣል። እኔ በጨለማ ውስጥ ፈተና እያረምሁ እነጫነጫለሁ። "ጋሽ ሸምሱ፣ ደርቋል እኮ!" እላለሁ። እሳቸው ቀስ ብለው ይመጣሉ፣ ስፌቱን በእጃቸው ይዳስሳሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። "እጄ መሪ ሲይዝ ኖሮ ደንዝዟል፣ አላምነውም። እስቲ ጉንጬ ይፍረድ።" ከዚያ ቆባቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጉንጫቸውን ስፌቱ ላይ ያሳርፋሉ። ልጅ አስተኝቶ ትንፋሹን የሚያዳምጥ አባት ይመስሉኝ ነበር። "ገና ነው" ይላሉ። ሁልጊዜ ገና ነው። ስፌቱ ውኃ ይደብቃል፣ ላዩ ሲደርቅ ውስጡ አይደርቅም ብለው ያምናሉ። ትክክልም ነበሩ።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደረስሁ።

ክረምት ነበር። ጋሽ ሸምሱ ለዓይናቸው ሕክምና ከእትዬ ዘይነባ ጋር ወልቂጤ ሊሄዱ ሆነ፤ በማግሥቱ ማታ ይመለሳሉ። ድንኳኑ ደግሞ ለቅሶ ቤት ነው። ቁልፉን እጄ ላይ አድርገው፣ "ከመጣ አደራ፣ እንዳታጥፊው። ዝናብ ካለ ወንበሮቹን አውርጂና ጋራዡ ውስጥ በላያቸው ላይ አልብሺው። ቀስ ብለሽ" አሉኝ። "ይሂዱ፣ እኔ አለሁ" አልሁ።

ወንዶቹ ድንኳኑን ሲመልሱ ውኃ ይንጠባጠባል። ጋሽ ሸምሱ ይመጡበታል ብለው ግቢው ውስጥ ደጃፌ ላይ ጥለውት ሄዱ። እኔ ደግሞ በዚያ ቀን ቡኢ የባልደረባዬ ሰርግ አለብኝ። ፀጉሬን ተሠርቻለሁ። ሚኒባሷ ሰዓቷ ደርሷል። ወንበሮቹን ማውረድ፣ ሸራውን አንድ በአንድ መዘርጋት ቢያንስ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ጎንበስ ብዬ ሸራዎቹን ጠቀለልኋቸው፣ እየጎተትሁ ርብራቡ ላይ ከመርሁ፣ ብቻዋን ደርቃ የነበረችውን አንዷን ከላይ አለበስኋቸው። ነገ ጠዋት እዘረጋዋለሁ ብዬ ቆለፍሁ። ሰርጉ ላይ እስክስታ ወረድሁ፣ እዚያው አደርሁ፣ ስመለስ እነጋሽ ሸምሱ በር ላይ ደርሰዋል። አንድ ዓይናቸው በፋሻ ታስሯል። ጎንበስ እንዳይሉ ተነግሯቸዋል።

"ድንኳኑ መጣ?" አሉኝ ገና ሳይገቡ።

"መጣ።"

"ደርቋል?"

ያን ጊዜ አልደረቀም ብል ኖሮ ሦስታችን ተያይዘን እንዘረጋው ነበር። ምንም አይመጣም ነበር። ይልቁንም አፌ ከእኔ ቀድሞ "ደርቋል" አለ።

"ጎበዝ። አላህ ይስጥሽ" ብለው በደህነኛው ዓይናቸው ፈገግ አሉልኝ። ጉንጫቸውን ሊያሳርፉበት ወደ ጋራዡ አልሄዱም። እኔን አምነው ገቡ።

ከዚያ በኋላ ላወጣው ብል ግቢው ውስጥ ናቸው፣ ያዩኛል። ዛሬ ገበያ ይወጡ ይሆናል፣ ነገ መስጊድ ሲሄዱ አወጣዋለሁ እያልሁ ሦስት ሳምንት በሩን እያየሁ ተቅበጠበጥሁ። በመጨረሻ ሽታ እንዳለ ነገሩኝ። እርጥበት ከውጭ የገባ መስሏቸው ጣሪያውን ሲፈትሹ ዋሉ። በማግሥቱ የእድሩ ሊቀመንበር የጋሽ ወልዴ እናት አረፉ።

ድንኳኑ በድንጋጤ ወጣ፣ በችኮላ ተተከለ። የጣሪያው አንዱ ጎን ጠቋቁሯል፤ ሰው አላስተዋለም ወይም ጊዜ አልነበረውም። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ ያ ጎን ውኃ አቆረና እንደ ራሰ ዳቦ ተበጠሰ። ውኃው ሽማግሌዎቹ ላይ ተገለበጠ። ጋሽ ወልዴ የእህል ነጋዴ ናቸው፣ አገር ያከብራቸዋል፤ እናታቸውን ቀብረው እንግዳቸው ጭቃ ውስጥ ሲሸሽ ቆመው አዩ።

ከሳልስቱ በኋላ ኮሚቴው ግቢያችን ተሰበሰበ። እኔ በሬ ላይ ቆሜያለሁ።

"እርጥቡን ያስገባው ማነው?" አሉ ጋሽ ወልዴ።

አፌን ከፈትሁ። እውነቴን ነው፣ ከፍቼ ነበር። ጋሽ ሸምሱ ወደ እኔ ዞር እንኳ ሳይሉ፣ "እኔ ነኝ። ቸኩዬ ነው" አሉ።

ጋሽ ሸምሱ ቸኩለው አያውቁም። እዚያ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ግን እሳቸው ካሉ ማን ምን ይላል? ጋሽ ወልዴ፣ "አርጅተዋል ጋሽ ሸምሱ። ከእንግዲህ ይረፉ" አሉ። በዚያው ቀን ዕቃው በጋሪ ተጭኖ ከጋሽ ወልዴ መጋዘን ጀርባ ወዳለ ክፍል ተወሰደ። ጋሽ ሸምሱ ጫኚዎቹን "ቀስ፣ ቀስ" እያሉ እስከ በሩ ሸኙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ስለ እሳቸው ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። "ዓይናቸው ብቻ አይደለም የደከመው" ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሲመሽ ሄጄ፣ "ለምን?" አልኋቸው።

"ቁልፉን የሰጠሁሽ እኔ አይደለሁም? አንቺ የሰው አገር ሰው ነሽ። ከዚህ ሰፈር ጋር ገና ትኖሪያለሽ። አብሽሪ።"

አብሽሪ፣ ማለት አይዞሽ። ያቺን ቃል እንደ ፈቃድ ወረቀት ይዤ ዝም አልሁ። እሳቸው ናቸው ያስቆሙኝ፣ እኔማ ልናገር ነበር እያልሁ ራሴን ሸነገልሁ። ፈሪ ነበርሁ፣ ሌላ ስም የለውም።

ከዚያ በኋላ ነው ግቢው እሾህ የሆነብኝ። እትዬ ዘይነባ የከሰል ጆንያ ጋራዡ ውስጥ ቢያስገቡ ጋሽ ሸምሱ ያወጡታል። "ቦታቸውን ያዝሽባቸው" ይላሉ። ሱቅ ልክፈትበት ያለ ሰው መጥቶ ነበር፣ "ዕቃ አለበት" ብለው መለሱት። ዕቃው በከሰል የተሳለው ሥዕል ብቻ ነው። ዝናብ በጀመረ ቁጥር ይወጡና በሩን ከፍተው ይቆማሉ፣ ባዶውን ያያሉ፣ ዘግተው ይገባሉ፣ እንደገና ይወጣሉ። አንዳንዴ በመስኮቴ በኩል "ቲቸር፣ ወልዴ ዘንድ ያለው ደርቆ ይሆን?" ይሉኛል። የሚያሽሟጥጡኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን ከልባቸው ነበር የሚጠይቁኝ፤ ሌላ የሚጠይቁት ሰው አልነበራቸውም። እኔ ዝናብ ሲያጉረመርም እንደ ታሰረ በግ መሽከርከር ጀመርሁ።

ወልቂጤ ዝውውር ሲገኝ በደስታ ሄድሁ። ሸሸሁ ማለት ይሻላል። ሁለት ዓመት። መንገዱ በሚኒባስ ከግማሽ ቀን አይበልጥም፣ ግን ዛሬ ነገ ስል አንድም ቀን አልሄድሁም። እሳቸው በየበዓሉ ይደውላሉ። እንዴት ነሽ፣ ተማሪዎቹ እንዴት ናቸው ካሉ በኋላ መጨረሻ ላይ፣ "ወልቂጤ ይዘንባል?" ይላሉ።

ቡታጅራ ስደርስ ወንዶቹ ቀብር ሄደዋል። ግቢው በር ላይ ቋሚና ሸራ ተደበላልቆ ተከምሯል፤ የጋሽ ወልዴ ክፍል ውስጥ የነበረውን የድንኳን ዕቃ ሁሉ በጋሪ ዘርግፈውት ኖሯል። አምስት ስድስት ጎረምሶች ከበው እየተጨቃጨቁ ነው። አንዱ የመሐል ቋሚ ማዕዘን ላይ ያቆማል፣ ሌላው ይነቅለዋል። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ቀብርተኛው ሊመለስ ነው። የጋሽ ሸምሱ ለቅሶ ያለ ድንኳን ሊሆን! ቦርሳዬን ጣልሁት።

"ቀለበቱን እዩ! አንድ ቀለበት ማዕዘን ነው! ሁለት መሐል! ሦስቱን ወደ በር አምጡት!"

"ማናት ይቺ?" አለ አንዱ። ቀለበቱን ግን አየው። ቀለሙ ደብዝዟል፣ አልጠፋም። ሰው ከቀብር ሲመለስ የመጨረሻውን ካስማ እየመቱ ነበር። ቀና ስል ጣሪያው ላይ ነጩ ሸራ መሐል ትልቅ ሰማያዊ እራፊ ተሰፍቷል። በተበጠሰው ቦታ የገባ ነው። ሦስቱንም ቀን፣ ከሴቶቹ ጋር ቤት ውስጥ ተቀምጬ እንኳ፣ በመስኮት ያ ሰማያዊ ያየኝ ነበር። የሚያለቅሰው ሰው ሁሉ እዚያ ሥር ተቀምጦ ስለ ጋሽ ሸምሱ ደግነት ያወራል፣ አንዱ ደግሞ "መጨረሻ ላይ ትንሽ ዘንግተው ነበር እንጂ" ብሎ ይጨምራል። ተነስቼ ውኃ እቀዳለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ፣ እንደገና እነሳለሁ። እትዬ ዘይነባ፣ "ምነው ልጄ፣ አረፍ በይ" አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ጋሽ ወልዴ ጋሪ ይዘው መጥተው፣ "በሉ፣ ጠቅልላችሁ ጫኑት" አሉ። ጎረምሶቹ ሸራውን አውርደው ማጠፍ ጀመሩ። ውኃው በእጥፋቱ ይወርዳል።

"አይታጠፍም" አልሁ።

"ምነው ቲቸር?"

"እርጥብ ነው።"

"እኛ ዘንድ ይደርቃል። ሌላ ሥራ አለባቸው ልጆቹ።"

"አይታጠፍም ጋሽ ወልዴ!" ድምፄ ከልክ በላይ ወጣ፤ ግቢው ሁሉ ዞረ። ከዚህ በኋላ ማቆም አልተቻለኝም። "ያኔም እርጥቡን ያስገባሁት እኔ ነኝ። የእናትዎ ለቅሶ ላይ የተበጠሰው። ሰርግ ልሄድ ቸኩዬ ነው። ጋሽ ሸምሱ ደርቋል ወይ ብለው ጠይቀውኝ፣ ደርቋል አልኋቸው። አልዘነጉም። አላረጁም። አመኑኝ እንጂ ሌላ ጥፋት የለባቸውም።"

ጋሽ ወልዴ ሰማያዊውን እራፊ ሲያዩ ቆዩ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ቢሰድቡኝም ደስ ይለኝ ነበር። "አርጅተዋል አልኳቸው" አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው። "በሰው ፊት። በገዛ ቤታቸው።" ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ባለጋሪውን "ባዶህን ሂድና የቀረውን ዕቃ ጭነህ አምጣው። እዚህ ነው የሚገባው" አሉት።

እትዬ ዘይነባ ከቤት ወጥተው ደጃፉ ላይ ቆመዋል፣ ሁሉንም ሰምተዋል። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ። አልተቆጡም፣ ይቅር ብዬሻለሁም አላሉም። "በር ሲንኳኳ 'ቲቸር ናት?' ይል ነበር" አሉኝ። "ሁልጊዜ። እኔ ናፍቆሽ ይመስለኝ ነበር።" ከቀሚሳቸው ኪስ የጋራዡን ቁልፍ አውጥተው እጄ ላይ አደረጉት።

ከፈትሁት። ባዶ ነው፣ ተጠርጓል። ሥዕሎቹ እንዳሉ ናቸው፤ ቃሬዛው፣ ዶማው፣ አካፋው። የአንዳንዱ መስመር በቅርብ እንደገና በከሰል ደምቋል። ወንበሮቹን ከግቢው አስገብተን በመሐል ደርድረን ሸራውን አንድ በአንድ አለበስናቸው፣ እጥፋት እንዳይኖር ዳር ዳሩን ወጠርን። ጎረምሶቹ ሄዱ። የከሰዓቱ ሚኒባስ ሊሄድ ነው፣ ነገ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ትምህርት አለኝ፣ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይጮኻል።

ሰማያዊው እራፊ ከነጩ የተሰፋበት ቦታ ላይ ሄድሁ። በእጄ ዳሰስሁት፣ ደረቅ መሰለኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ጉንጬን አሳረፍሁበት።

ገና ነበር። አንዱን ወንበር ሳብሁና ተቀመጥሁ።